ገጠሩን ማን ጠየቀው?

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ከደሴ ካፌዎች እስከ አዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች፣ ከዚያም አልፎ በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን መሐል አንድ አባባል ከአፍ አፍ ሲዞር ይሰማል፦ «ገበሬው እንደሆነ ያዘዙትን ነው የሚመርጠው።» ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። የተማረ ነው፤ ለአገሩም ይቆረቆራል። ምናልባትም አያቱ እስከ ዛሬ በሬ ጠምደው የሚያርሱ ናቸው። ይህን ሲል ግን በሚሊዮኖች ፊት በር ዘግቶ እንደሚሄድ ልብ አይልም። እኔ አባባሉ ሐሰት ነው እላለሁ። ሐሰት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ፤ የአገራችንን የምርጫ ፖለቲካ ሽባ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

በወሎ፣ በሐይቅ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎችና በአምባሰል ተራሮች ላይ የሚኖረው ሰው ቅስቀሳ የማይገባው፣ ሐሳቡንም የማይለውጥ ሰው አይደለም። ከገዢው ፓርቲ በቀር ደጁ ድረስ ሄዶ፣ አብሮት ቁጭ ብሎ፣ ደጋግሞ የጠየቀው የለም እንጂ። ፓርቲዎቻችን ቅስቀሳ የሚሉት መስቀል አደባባይን መሙላትን፣ በቴሌቪዥን ክርክር ተቀናቃኝን ማሳፈርን፣ በፌስቡክ ብዙ ተከታይ ማፍራትን ነው። ይህ ሁሉ ከተማ ውስጥ ተጀምሮ ከተማ ውስጥ ያልቃል። ውጤቱ ሲነገር ደግሞ የሚወቀሰው ገጠሩ ነው።

የዚህ አመለካከት ባለቤቶች ማስረጃ ሲጠየቁ ቁጥር ይጠራሉ። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱ የያኔው ገዢ ፓርቲ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ፤ ለተቃዋሚ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ተረፈ። በ2007 ዓ.ም. አንድም አልተረፈም። «ይኸው፣ ገጠሩ ይህ ነው» ይላሉ። ከእነዚህ ሁለቱ በፊት የነበረውን ምርጫ ግን ዘለው ያልፉታል።

የ1997ን ምርጫ የሚያወሳ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ሚያዝያ 29 እና 30ን ነው፤ ቅዳሜ ኢሕአዴግ፣ እሑድ ተቃዋሚው ቅንጅት መስቀል አደባባይን የሞሉባቸውን ሁለት ቀናት። ያ ትዕይንት የማይረሳ ነው፣ አልክድም። በአምባሰል ቀበሌዎች ግን ያን ዓመት ትልቁ ነገር ሰልፉ አልነበረም። ሬዲዮው ነበር። የፓርቲዎቹ ክርክር በሬዲዮ ይተላለፍ ነበርና ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ጎረቤቱ ይሰበሰባል። ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ዘፈንና ማስታወቂያ ሲመጣ ይዘጋል፤ ክርክሩ የሚጀምርበት ሰዓት ሲደርስ ይከፈታል። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ካለቀ በኋላ ሌላ ክርክር ይጀመራል፤ እከሌ ስለ መሬት የተናገረው ልክ ነው፣ እከሌ ጥያቄውን ሸሸ፣ ያኛው ሰው ተሳዳቢ ነው፣ ለመንግሥትነት አይሆንም። በማግስቱ እርሻ ላይ ወሬው ይቀጥላል። ያዘዙትን የሚመርጥ ሰው ለባትሪ ድንጋይ ገንዘቡን ምን ያስጨርሰዋል?

ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ተሰጠ። አዲስ አበባ 23 መቀመጫዎቿን በሙሉ ለተቃዋሚ ሰጠች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ሌላው ነው። በአማራ ክልልም ቅንጅት በርካታ የገጠር ምርጫ ክልሎችን አሸነፈ። ከእኛው ወሎ፣ ከላስታ በኩል ያለችው ቡግና በወቅቱ የማስታወቂያ ሚኒስትር በነበሩት በአቶ በረከት ስምዖን ላይ ድምፅ ሰጠች፤ ሚኒስትሩ ወደ ምክር ቤት የገቡት ነሐሴ ላይ በተደረገ ድጋሚ ምርጫ ነው። ቡግና ካፌ የሚታይባት፣ ጋዜጣ በየማለዳው የሚዞርባት ከተማ አልነበረችም። ገበሬ ነው የመረጠው።

ደግሞ ልብ በሉ፣ «ገበሬው ያዘዙትን ይመርጣል» የሚለውን አባባል ኢሕአዴግ ራሱ አላመነበትም። ቢያምንበት ኖሮ ከ1997 በኋላ ያደረገውን ሁሉ ባላደረገ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው አባሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን አለፈ። የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 ሰው እንዲይዙ ተደረገ፤ በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀረቡት መቀመጫዎች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከዚያ የልማት ቡድን መጣ፤ አምስት ሰው በአንድ መሪ ሥር የሚያደራጀው አንድ ለአምስት መጣ። ገጠሩ ሐሳቡን እንደሚለውጥ በዓይኑ ያየ ፓርቲ ነው እንዲህ የሚደክመው። ተቃዋሚው ግን ያሸነፈበትን ምክንያት ሳያጠና የተሸነፈበትን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ገጠሩንም እስከ ዛሬ እንደማይደረስበት አገር ይቆጥረዋል።

ወደ ኋላ ሄደን ብናይም ወቀሳው ለገበሬው አይገባም። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያው አጠቃላይ ምርጫ ሲካሄድ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመወዳደርም ንብረት ያስፈልግ ነበር። ገበሬው ባላባቱን ወይም የባላባቱን ወዳጅ መረጠ፤ ሌላ የቀረበለት አልነበረማ። በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎው 835 መቀመጫዎች ምርጫ ሲደረግም ዕጩዎቹ ሁሉ በአንድ ፓርቲ ወንፊት ያለፉ ነበሩ። አማራጭ ሳይቀርብለት «አማራጭ አያውቅም» የተባለ ሕዝብ ነው።

ሁለተኛው የዚህ አመለካከት ምሰሶ «ምርጫ ለተማረ ሕዝብ ነው፤ ምዕራባውያን የሠለጠኑት መጀመሪያ ተምረው ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ አሜሪካን መጥራት ግድ ይለኛል። የምርጫ ቅስቀሳ ጥበብ ዛሬ ዓለም በሚያውቀው መልኩ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነው፤ የተወለደው ግን በዩኒቨርሲቲዎች አዳራሽ አይደለም። ገጠር ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1840 ከአሥር አሜሪካውያን ዘጠኙ ያህል የገጠር ነዋሪዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት በተደረገው ምርጫ መምረጥ ከሚችሉት 80 በመቶ ያህሉ ወጥተው ድምፅ ሰጡ፤ ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሚሊዮን ተኩል የነበረው ድምፅ ሰጪ ሁለት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ ደረሰ።

እንዴት ሆነ? የዊግ ፓርቲ ዕጩ ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ሽማግሌ ጄኔራል ነበሩ። አንድ የተቀናቃኝ ወገን ጋዜጣ «አንድ በርሜል የፖም ጠላ ስጡትና በግንድ ጎጆው ተቀምጦ ይኑር» ብሎ ተሳለቀባቸው። ዊጎች ስድቡን አንስተው ባንዲራ አደረጉት። የግንድ ጎጆ በየከተማው ተሠራ፣ በሠረገላ ተጎተተ፣ በመሐረብና በጽዋ ላይ ተሳለ፤ ዘፈን ተዘፈነለት። ገበሬው የኔን ቤት የሰደበ ማን ነው ብሎ ተነሳ። የተማሩት አፈሩ፤ ፖለቲካ ወረደ፣ ረከሰ አሉ። ወረደ ያሉት ወደ ገበሬው መድረሱን ነበር። እርግጥ ውሸትም ነበረበት። ሃሪሰን በቨርጂኒያ ከባለጸጋ ቤተሰብ፣ በትልቅ የግንብ ቤት የተወለዱ ሰው ነበሩ። ለዚያ ውሸት መድኃኒቱ ግን ዘፈኑን መከልከል አልነበረም፤ እዚያው መንደር ሄዶ እውነቱን የሚናገር ተቀናቃኝ ነበር።

ዘፈኑና ጎጆው የሚታየው ክፍል ነው። ሥራው የተሠራው ከበስተጀርባ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ኢሊኖይ ውስጥ የ30 ዓመት ጠበቃ የነበረው አብርሃም ሊንከን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለፓርቲው ሰዎች አንድ መመሪያ ላከ። አውራጃውን በትንንሽ ሰፈር ክፈሉ፤ ለያንዳንዱ ሰፈር ኃላፊ መድቡ፤ የመራጮቹን ስም አንድ ሳታስቀሩ መዝግቡ፤ ማን ለማን እንደሚሰጥ ጠይቃችሁ እርግጠኛ ሁኑ፤ ያልወሰኑትን ለብቻ ጻፉ፤ ያልወሰነውን ሰው ደግሞ እሱ ራሱ የሚያምነው ሰው በየጊዜው እየሄደ ያነጋግረው፤ የሚያነበውም ነገር ይስጠው፤ በምርጫው ዕለት ሁሉም መውጣቱን አረጋግጡ የሚል ነበር። ይኸው ነው። ዊጎች በዚያ ዓመት አገሪቱን አሸነፉ፤ ኢሊኖይን ግን በጠባብ ልዩነት ተነጠቁ። ዘዴው አንድ ጊዜ ሞክረው የሚጥሉት አልነበረም። ከ20 ዓመት በኋላ ሊንከን ራሱ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ስፕሪንግፊልድ ከቤቱ ተቀምጦ አንድም የቅስቀሳ ንግግር አላደረገም፤ በየመንደሩ የተደራጁት ሰዎች ናቸው ያሸነፉለት።

አደባባይ የሞላ ያሸንፋል ለሚሉ ደግሞ የ1896ቱ የአሜሪካ ምርጫ አለላቸው። ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን በባቡር 18,000 ማይል ያህል ተጉዞ ወደ 600 የሚደርስ ንግግር አደረገ። አንደበቱ እሳት ነበር፤ በደረሰበት ሁሉ ሕዝብ ይጎርፋል። ተቀናቃኙ ማኪንሊ ከካንተን ከተማ ቤቱ በረንዳ አልተነቃነቀም። የቅስቀሳው መሪ ማርክ ሃና ግን ከባለሀብቶች ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ሰብስቦ ከመቶ ሚሊዮን በላይ በራሪ ጽሑፍ አሠራጨ፤ ለጀርመኑ በጀርመንኛ፣ ለጣሊያኑ በጣሊያንኛ፣ ለፖላንዱ በፖላንድኛ እያሳተመ። ማኪንሊ አሸነፈ። ገንዘቡን አላወድሰውም፤ የባለጸጎች ገንዘብ በምርጫ ላይ ያደረሰውን አሜሪካ እስከ ዛሬ ትከፍለዋለች። ግን ለሰው በቤቱ፣ በቋንቋው፣ በጭንቀቱ መጠን የሚደርስ ቅስቀሳ ከታላቅ ሰልፍ እንደሚበልጥ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

«ያልተማረ እንዴት ይመርጣል» የሚሉት ወገኖች አንድ ነገር ይወቁልኝ። ይህንኑ ቃል አሜሪካም ተናግራዋለች። ከላይ የጠቀስኩት ምርጫ ሁሉ የነጭ ወንዶች ምርጫ ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነው። ባርነት ከተሻረ በኋላ ጥቁሮች መምረጥ ሲጀምሩ የደቡብ ግዛቶች ምን መላ መቱ? ሚሲሲፒ በ1890 ሕገ መንግሥቷን ቀይራ መራጭ ግብር ይክፈል፣ ሕጉን ያንብብ ወይም ሲነበብለት ያስረዳ አለች። ሌሎቹም ተከተሉ። ፈታኙ ነጭ ባለሥልጣን ነበርና ያልተማረው ነጭ ያልፋል፣ የተማረው ጥቁር ይወድቃል። ትምህርትን የድምፅ በር ጠባቂ ማድረግ መጨረሻው የት እንደሆነ ታሪክ ጽፎታል። ዛሬ በቀና ልብ ገበሬውን የሚንቅ ሰው የማንን መንገድ እንደያዘ ይጠይቅ።

አሁን ወደ አንድ ለአምስቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1888 የሪፐብሊካን ፓርቲ ገንዘብ ያዥ የነበረ ዊልያም ደድሊ የተባለ ሰው ለኢንዲያና አባላት ደብዳቤ ጻፈ፤ ድምፃቸው በገንዘብ የሚገዛ መራጮችን አምስት አምስት አድርጋችሁ ከፋፍሉ፣ ለያንዳንዱ አምስት አንድ ታማኝ ሰው ገንዘብ አስይዛችሁ መድቡ፣ አንድም እንዳያመልጥ ያ ሰው ተጠያቂ ይሁን የሚል። ደብዳቤው በተቀናቃኞቹ እጅ ወድቆ ከምርጫው በፊት በጋዜጣ ወጣ። አንድ ለአምስትን በዓይኑ ያየ የወሎ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

የኛው አንድ ለአምስት መዝገብ ባለ መስመር ደብተር ነበር። በአንዱ ገጽ ላይ ስድስት ስም፤ የላይኛው መሪው፣ ከሥሩ አምስቱ። ከስማቸው ጎን ሰንጠረዥ ይሰመር ነበር፤ ማዳበሪያ የወሰደ፣ ዕዳ ያለበት፣ ለተፋሰስ ሥራ የወጣ፣ ከስብሰባ የቀረ። ምርጫ ሲደርስ አንድ መደብ ይጨመር ነበር። የሊንከንም ዝርዝር፣ የደድሊም ዝርዝር፣ የኛም ዝርዝር ስም በስም የተጻፈ ነው። የሊንከኑ ያልወሰነውን ሰው ፈልጎ የሚያምነውን ሰው ይልክለታል። የደድሊው ሰውየው እንዳያመልጥ ዘበኛ ያቆምበታል። የኛው ወደየትኛው እንዳጋደለ መናገር አያስፈልገኝም።

ይሁንና ኢንዲያና ከደድሊ ነውር በኋላ ያደረገችው ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚያሳትሙት ፓርቲዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ስለሚለያይ ሰውየው ወደ ሳጥኑ ሲጠጋ የማንን ወረቀት እንደያዘ ቆመው የሚያዩት ሁሉ ያውቃሉ። ማሳቹሴትስ በ1888፣ ኢንዲያና በ1889 መንግሥት የሚያሳትመውን፣ በመጋረጃ ውስጥ የሚሞላውን ምስጢራዊ ወረቀት በሕግ አወጡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ግዛቶች ተከተሏቸው። ዘበኛው አጠገቡ ቢቆምም ከመጋረጃው ጀርባ መግባት አይችልም።  እኛ ይህን ሕግ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38 ላይ ጽፈነዋል፤ ድምፅ በምስጢር ነው የሚሰጠው። የጎደለው ለአምስቱ ሰዎች ሌላ ሐሳብ ይዞ የሚሄድ ሁለተኛ ሰው ነው።

ገበሬው ይህን መጋረጃ አያውቀውም የሚል ካለ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የሆነውን ልንገረው። ቡና ተፈልቷል፤ አቦሉ አልቆ ቶናው እየተቀዳ ነው። ከጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል፣ «ሸህዬ፣ አንቱ በምርጫው ለማን ሰጡ?» አልኳቸው።

«ድምፅ ምስጢር ነው አላሉም እንዴ ልጄ?» አሉኝና ቤቱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አንድ ነገር ልንገርህ» ብለው ቀጠሉ። «አንዱ ወገን ለስብሰባም ለማዳበሪያም ይመጣል፤ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን አውቀዋለሁ። ሌላውን በወረቀት ነው ያየሁት። ልጄን ለጋብቻ ስጠኝ የሚል ሰው እንኳ ሽማግሌ ይልካል፣ ይመላለሳል። አገሬን ስጠኝ የሚል ሰው አንድ ቀን ሳይመጣ ቀርቶ አልሰጠህም ብሎ ይቆጣል?»

እኔ ከፖለቲካ ሳይንስ መጽሐፍ የበለጠ ነገር የሰማሁት ያኔ ነው። ሰውየው ድምፃቸውን ለማንም አልገለጡም፤ የመጣውን ያውቁታል፣ ያልመጣውን አያውቁትም። ይህ መታዘዝ ነው? ከተማ ውስጥ ብንሆን «መረጃን መሠረት ያደረገ ምርጫ» ብለን የምናሞግሰው ነገር ነው።

«ገጠሬው በምልክትና በዘፈን ነው የሚነዳው» የሚለውን ንቀት ደግሞ ወሎ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ከሁሉ ይገርመኛል። የወሎ ሸሆች ፊደል ለማይቆጥር ሕዝብ ሃይማኖትን ያስተማሩት በመንዙማ ነው፤ በአማርኛ እያዜሙ፣ ዱዓ እያደረጉ፣ ጫቱና ቡናው በቀረበበት ሐድራ። በዚህ መንገድ የመጣው እምነት ጥልቀት የለውም የሚል አለ? ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ትምህርት ቤት ሲያደርጉ ደቀ መዛሙርት የተማሩት በቃል እየሰሙ፣ በዜማ እየያዙ ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በአምባሰል ተራራ ስም መጠራቱንም ማንም አይስተውም። ይህ አገር ቁም ነገርን በዜማ መያዝ የለመደ አገር ነው። የፓርቲዎቹ የምርጫ ምልክቶች፣ ንቡም፣ ሁለቱ ጣትም፣ አምፖሉም፣ ለማያነብ ሰው ስም ናቸው። አሜሪካኖቹም ዝሆንና አህያቸውን እስከ ዛሬ አልጣሉም፤ ቶማስ ናስት የተባለ ካርቱን ሠዓሊ በ1870ዎቹ ያስለመዳቸው ነው። ምልክቱን ከሚንቁ ከምልክቱ ሥር ምን ሐሳብ እንዳለ ለሰዉ ይንገሩት።

ከዚህ በኋላ ከባዱ መከራከሪያ ይመጣል፤ «ሄደንማ ታሰርን፣ ተደበደብን» የሚለው። ይህን አላቃልለውም። በ2002 የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ሜዳው ለተወዳዳሪዎች እኩል እንዳልነበረ ጽፈዋል። ቅስቀሳ ላይ ሳለ የታሰረ፣ ዕጩነቱን በማስፈራሪያ የተወ፣ ቤተሰቡ ከማዳበሪያ ዝርዝር የተሰረዘ ሰው ያለባቸው መንደሮች አሉ። ይህን ያደረጉ ሊጠየቁ ይገባል። ሆኖም ጭቆናው እውነት መሆኑ ስንፍናን እውነት አያደርገውም። ማንም ባልከለከላቸው ቦታ፣ ማንም ባልከለከላቸው ዓመት፣ ከሱሉላ እስከ ውጫሌ ባሉት ቀበሌዎች አንድ አንድ የሚያውቁት ሰው ያላቸው ስንት ፓርቲዎች ናቸው? ምርጫ ሲቀር ሁለት ወር ዕጩ መፈለግ፣ የተገኘውም ዕጩ አዲስ አበባ የሚኖር መሆን፣ አስፋልቱን ተከትሎ በመኪና ማይክራፎን እየለፈፉ ማለፍ፣ ይህ የካድሬ ጥፋት አይደለም።

ሌላም አለ፤ እሱ ከሁሉ ይከብዳል። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ሐይቅንም ውጫሌንም አዳርሷል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ጥይት በሚሰማበት ቀዬ ቡና ላይ ተቀምጦ ስለ ፖሊሲ መነጋገር አይቻልም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ገበሬውን በቅስቀሳ ድረሱት ማለት በሕይወቱ መቀለድ ይሆናል። ሰላም ይቅደም። ነገር ግን ለብዙ ዓመት ማንም በቃል ያልጠየቀው ሕዝብ መሐል ጠብመንጃ የያዘ ሁሉ በቀላሉ ስሙን እየጠራ እንደሚናገርለት ሳላነሳ ባልፍ ግማሹን እውነት መደበቅ ነው።

ገጠሩን መጠየቅ ማለት ምን እንደሆነ ልናገር። ወሎ ውስጥ ቅሬ አለ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት፣ ዳኛ ያለው። አበጋሮች አሉ፤ ደም ያደርቃሉ። ቅሬን የፓርቲ መድረክ አድርጉት አልልም፤ መስጊድንም ቤተ ክርስቲያንንም ፖለቲካ እንዲነካቸው አልፈልግም። የምለው በእነዚህ ውስጥ የከበረ ስም ያለው ሰው አለ፣ እሱን እወቁት ነው። ዕጩውም ከዚያው ከሰዉ መሐል ይሁን፤ የወር ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የማዳበሪያ ዋጋ የሚያሳስበው። ሲሄድ ባለ 80 ገጹን የአማራጭ ፖሊሲ ሰነድ ትቶ ይሂድ። የሚጠየቀው ሌላ ነው። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ጠቦ አልቋል፣ ምን ታስባለህ? ልጄ ሳዑዲ በእግሯ ሄዳለች፣ ምን አለህ? ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጁ በዝቷል፣ ዓሣው አንሷል፣ ማን ያስተካክለው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ፓርቲ ለመንግሥትነት መወዳደር የለበትም። መልስ ያለው ደግሞ አንዴ ተናግሮ አይመለስ። ከመኸር በኋላ ይመለስ፣ ከበልግ በፊት ይመለስ፣ ለቅሶ ይድረስ። ሴቶቹን ለብቻ ያነጋግር፤ ቡናውን የሚያፈሉት፣ ጨዋታውን ሰምተው ማታ ከባሎቻቸው ጋር የሚመዝኑት እነሱ ናቸው፤ የካርዱም ግማሽ በእጃቸው ነው። ገንዘብ የለንም ለሚሉ፣ ይህ ሁሉ ከአንድ የሆቴል አዳራሽ ጋዜጣዊ መግለጫ ያነሰ ገንዘብ ይፈጃል። የሚፈጀው እግርና ጊዜ ነው።

ገዢው ፓርቲም ከዚህ ክርክር ነፃ አይወጣም። «አርሶ አደሩ ልማት እንጂ ክርክር አይፈልግም» የሚለው የባለሥልጣን ንግግር የዚያው የካፌው አባባል ወንድም ነው። ሁለቱም ገበሬውን ሐሳብ የሌለው አድርገው ነው የሚነሱት፤ አንዱ ስለናቀው ይተወዋል፣ ሌላው ስለፈራው ይቆጥረዋል። ውጤቱን በ2013 ምርጫም አይተነዋል፤ በሰኔ 14ቱ ድምፅ ውጤታቸው ከታወቀ 436 መቀመጫዎች 410ሩ የገዢው ብልጽግና ፓርቲ ሆኑ። እውነተኛ ተቀናቃኝ በሌለበት መንደር የሚሰበሰብ ድምፅ ለአሸናፊውም የሚነግረው ነገር የለም፤ ሰዉ ይወደኝ አይወደኝ ሳያውቅ ነው አምስት ዓመት የሚገዛው።

ስለዚህ ለምክር ቤት ልትወዳደሩ ለምታስቡ ሁሉ፣ የትኛውም ፓርቲ ውስጥ ሁኑ፣ የምለው ይህን ነው። ፖስተር ከማሳተማችሁ፣ አደባባይ ከማስፈቀዳችሁ በፊት የምትወዳደሩበትን ምርጫ ክልል ቀበሌዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከያንዳንዱ ቀበሌ ጎን እዚያ የምታውቁትን፣ ቤቱ ገብታችሁ ቡና የጠጣችሁትን አንድ ሰው ስም አስፍሩ። የሚጻፍ ስም ያጣችሁበት ቀበሌ ካለ ቅስቀሳችሁን ከዚያ ጀምሩ።